አየር ይሁን ጋዝ? ከቨርጂኒያ የቀለም ጥይት ሜዳ

ከዋሽንግተን ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው 50 ቁጥር አውራ ጎዳና የፌርፋክስን የገበያ አዳራሾች አልፎ፣ ቻንቲሊን ተሻግሮ፣ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን የሚያርፍበትን የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በስተቀኝ ትቶ ይነጉዳል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየጠበበ፣ አዳዲሶቹ የመኖሪያ ሠፈሮችም እየሳሱ ይሄዱና በምትካቸው የድንጋይ ካብ አጥር፣ ፈረሶች የሚግጡበት መስክና የወይን ተክል ብቅ ይላል። ኦልዲ ከምትባለው አነስተኛ መንደር ሲደረስ፣ በመንገዱ ዳር በቀይ ጡብ የተሠራ፣ ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የውሃ ወፍጮ ቆሞ ይታያል። ሁለቱን ትልልቅ መንኮራኩሮቹን ላየ የኛ አገር ሰው እህል ተሸክሞ ወረፋ የሚጠብቅ አህያ አለመኖሩ ብቻ ነው የሚገርመው።

በጥቅምት ወር መጨረሻ በዚህ አካባቢ ኦክና ሂከሪ የተባሉት ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫና ዳማ ሆኖ መርገፍ ይጀምራል። ጧት ጧት ሣሩ ላይ አመዳይ ይተኛል። ከከተማ ጫጫታ ለመጣ ሰው ጸጥታው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ ወደ ደኑ የዘለቀ እንደሆነ፣ ከዛፎቹ መሐል የማያቋርጥ ተኩስ ይሰማል። በልጅነቱ የተኩስ ድምፅ ያወቀ ጆሮ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ግን ተኩሱን ተከትሎ የልጆች ሳቅ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መሆኑን ይረዳል።

ሥፍራው ፔይንትቦል የሚባለው የቀለም ጥይት ጨዋታ ሜዳ ነው። ጥይት የተባለው 17 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋትና 3 ግራም ያህል ክብደት ያለው እንክብል ሲሆን፣ ከጄላቲን በተሠራ ስስ ሽፋን ውስጥ በውሃ የሚታጠብ ቀለም ይዟል። መተኮሻው ደግሞ ማርከር ይባላል፤ ምልክት ማድረጊያ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ በሁለት ቡድን ይከፈሉና በዛፍና በእንጨት ከለላ እየተሸሸጉ የባላጋራን ባንዲራ ለመውሰድ ይሞክራሉ። እንክብሉ በላዩ ላይ የፈረጠበት ሰው እጁን አንሥቶ ከሜዳ ይወጣል። ደም የለም፣ ቁስል የለም፤ ቢበዛ ለሳምንት የሚቆይ ብላቴና የሚኮራበት ሰማያዊ ምልክት ቆዳ ላይ ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ቀልድ ነው ማለት አይደለም። እንክብሉ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 85 ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና አቆጣጠር ብናስበው በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በየሜዳው መግቢያ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ተቀምጦ እያንዳንዱ ማርከር ይመዘናል፤ ከተወሰነው በላይ የሚተኩስ እንዲገባ አይፈቀድለትም። ዓይንን፣ ጆሮንና ፊትን የሚሸፍነውን ጭምብል በሜዳው ውስጥ ለአፍታ እንኳ ያወለቀ ልጅ ይባረራል። ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ደግሞ ወላጅ ቀርቦ መፈረም አለበት። እናቶች ወደዚህ ደን የሚመጡት እንግዲህ በዚህ ፊርማ ምክንያት ነው።

ከአንባቢያን መካከል በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ዘመድ የሌለው ጥቂት እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔም በዚያ የአክስቴ ልጅ አለችኝ። አሌክሳንድሪያ ከተማ ተቀምጣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ሆና ትሠራለች። ያን ቅዳሜ ከሥራ የወጣችው ጧት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፊቷን ታጥባ፣ ቡናዋን በቴርሞስ ይዛ፣ 14 ዓመት የሞላውን ልጇን ከኋላ አስቀምጣ መኪናዋን ስትነዳ እንቅልፍ ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር። በመረብ ከታጠረው የተመልካች ሥፍራ ስንደርስ እንደ እርሷ ያሉ ብዙ እናቶች አየሁ። አንዳንዶቹ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም። መኪናቸው ውስጥ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው የተኙም ነበሩ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ልጁ ክረምቱን በሙሉ የጎረቤት ሣር እያጨደ ባጠራቀመው ገንዘብ የራሱን ማርከር ሊገዛ አስቧል። እስከዚያ ቀን ድረስ የተጫወተው ከሜዳው በኪራይ በሚሰጠው ዕቃ ነው። ማርከሩን ራሱ መርጦ ጨርሷል። እናቱን ያስጨነቃት ሌላው ነገር ነው። ማርከር ባዶውን ምንም አይሠራም፤ እንክብሉን የሚገፋ የታመቀ ጋዝ ወይም አየር ያለበት ሲሊንደር ከጀርባው ይገጠምለታል፤ ይህም ሲሊንደር ለብቻው ይገዛል። በትምህርት ቤት የሚያውቀው አንድ ጎረምሳ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ይጫወትበት የነበረ አሮጌ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር በ15 ዶላር ሊሸጥለት ቃል ገብቶ ለሙከራ አውሶታል።

«እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ቡታጋዝ ለመቀየር እንኳ ጎረቤት የምጠራ ሰው ነበርኩ፤» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፤ «አሁን ይህን ቦምብ የመሰለ ነገር ልጄ በትከሻው አስደግፎ ሲሮጥ ቆሜ ላይ ነው!»

ልጁም ከኋላ ሆኖ፣ «ማሚ፣ ሁሉም ልጆች አላቸው እኮ!» አለ። ይህ አነጋገር በአዲስ አበባም በአሌክሳንድሪያም አንድ ነው።

የጨዋታውን ታሪክ ማወቅ ምርጫውን ለመረዳት ይጠቅማል። ማርከር መጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። ኔልሰን የተባለው የቀለም ኩባንያ የደን ሠራተኞች የሚቆረጡትን ዛፎች፣ ከብት አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ከሩቅ ሆነው ምልክት እንዲያደርጉባቸው ኔልስፖት የሚባል የቀለም ሽጉጥ አወጣ። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1981 በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት፣ ሄኒከር በምትባል ከተማ አቅራቢያ 12 ሰዎች ይህንኑ መሣሪያ ይዘው በደን ውስጥ ተጫወቱበት። ያሸነፈው አንድ የደን ባለሙያ ሲሆን፣ በጨዋታው ውስጥ አንዲት ጥይት እንኳ አልተኮሰም፤ በዛፎቹ መካከል ተሹለክልኮ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ይህን ለአክስቴ ልጅ ብነግራት፣ «እሱ ነው ልጅ ማለት!» ብላ ሳቀች።

ያ መሣሪያ ይሠራ የነበረው 12 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በያዘች፣ አውራ ጣት በምታህል የብረት ቀፎ ነበር። ቀፎዋ ካለቀች ትጣላለች፤ ሌላ ይገባል። ጨዋታው እየተስፋፋ፣ ማርከሩም ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ እየሆነ ሲሄድ ይህ አልበቃ አለና እየተሞላ የሚመላለስ ትልቅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር መጣ። ከዚያም በኋላ በ1990ዎቹ በከፍተኛ ኃይል የታመቀ አየር ተጨመረበት። ዛሬ ገዢው የሚመርጠው እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲሊንደር አሠራር ለእኛ ለእናቶች እንግዳ አይደለም። ቡታጋዝ ማለት ነው። የቡታጋዝን ሲሊንደር ነቅነቅ ስናደርገው ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ፈሳሽ እንሰማለን። ጋዙ በውስጡ ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ ተኝቷል፤ ምድጃውን ስንከፍት ከላዩ እየተነነ ይወጣል። ለመትነን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋልና ሙቀቱን ከራሱ ከሲሊንደሩ ይወስዳል። ለድግስ ቀኑን ሙሉ ትልቅ ድስት የጣደች ሴት ሲሊንደሩ ሲያልበውና እጅ ሲያቀዘቅዝ አይታለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ኃይሉ ነው፤ በ21 ዲግሪ ሙቀት ላይ በውስጡ ያለው ግፊት 850 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይደርሳል። የመኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 መሆኑን ላስታውስ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፈሳሽ ስለሆነ በትንሽ ሲሊንደር ብዙ ይያዛል፤ ሲሊንደሩም ርካሽ ነው። ጉዳቱ ግን ግፊቱ እንደ አየሩ ጠባይ መለዋወጡ ነው። ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ወደ 500 ዝቅ ይላል። በዚያን ዕለት ጧት፣ አመዳዩ ገና ሳይለቅ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዙ ሁለት ጎረምሶች እንክብላቸው መንገድ ላይ እየወደቀ ሲበሳጩ አይቻለሁ። እየደጋገሙ በተኮሱ ቁጥር ሲሊንደሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ማርከሩ ላይ ነጭ ውርጭ ይጋገራል። ከዚያም ያልተነነው ፈሳሽ ወደ ማርከሩ ይገባና ውስጡ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ያደርቃል። በባትሪ የሚሠራ ማርከር ከሆነማ ዋናው ዕቃ ይበላሻል። የእኛ ልጅ የመረጠው ደግሞ በባትሪ የሚሠራውን ነው። ዋጋው በ15 ዶላር ሲሊንደር የሚቆመር አልነበረም።

በተቃራኒው ሙቀት ሲበዛ ግፊቱ ይንራል። የሞላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር በበጋ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ እንደሆነ፣ ለጥንቃቄ የተሠራለት ስስ የብረት ክዳን ተቀዶ ጋዙ በኃይል ይወጣል። ክዳኑ የተሠራው ሲሊንደሩ ራሱ እንዳይፈነዳ ነውና ሥራውን ሠራ ማለት ነው፤ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ካለ ግን ይህ አያጽናናም። ሲሊንደሩ የሚሞላው በሚዛን እየተመዘነ የሆነውም ለዚሁ ነው። ትልቁ 20 አውንስ፣ ማለት 567 ግራም ያህል ይይዛል፤ «ትንሽ ጨምርልኝ» አይባልበትም።

አየሩ ቀላል ነው። ኮምፕሬሰር ያለው ጎሚስታ ጎማ እንደሚሞላ ያለ ነው። ምንም የሚፈስስ ነገር የለበትም፤ እኛ የምንተነፍሰው አየር ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ3000 ወይም በ4500 ፒ.ኤስ.አይ ታምቋል። ይህን ያህል ኃይል በቀጥታ ወደ ማርከሩ ቢለቀቅ ይሰባብረው ነበርና በሲሊንደሩ አፍ ላይ የተገጠመው ሬጉሌተር ግፊቱን ወደ 800 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣዋል። ቢበርድም ቢሞቅም እንክብሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። ፍጥነቱ መግቢያው ላይ ከተለካ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጥታ የማይንረው እንዲህ ያለው ነው። ለሌላው ሰው ልጅ ዓይን የሚያስብ ሁሉ ይህን አንዱን ምክንያት ብቻ ይዞ አየርን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ የእናትና የልጅ ክርክር ተነሣ። አየር ከሆነ የትኛው? በሜዳው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ሲሊንደር ተደርድሯል። አንደኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ 48 ኪዩቢክ ኢንች የሚይዝ፣ እስከ 3000 የሚሞላ ነው። ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ነው። ሁለተኛው ስስ ብረት በካርቦን ክር ተጠቅልሎ የተሠራ፣ 68 ኪዩቢክ ኢንች የሚይዝና እስከ 4500 የሚሞላ ነው። በክብደት ብዙም ሳይበልጥ ከአሉሚኒየሙ እጥፍ አየር ይይዛል፤ ዋጋው ግን ከ150 ዶላር በላይ ነው። ልጁ ሁለተኛውን ይዞ አልለቅም አለ። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሒሳቡን ሠራን። ትንሹ አሉሚኒየም አንዴ ተሞልቶ ከ400 እስከ 500 እንክብል ይተኩሳል። ትልቁ 1000 ያህል። አንድ ልጅ በአንድ ዙር ጨዋታ፣ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ከላይ በተገጠመው ጎድጓዳ ዕቃ የሚይዘው 200 እንክብል ነው። ከዙር ወደ ዙር እረፍት አለ፤ አየር መሙያው ደግሞ በሃምሳ እርምጃ ላይ ነው፤ መግቢያ የከፈለ ሰው ቀኑን ሙሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሞላል። ታዲያ ትልቁ ምን ያደርግለታል? በዚህ ላይ እንክብሉ በገንዘብ ነው። ብዙ አየር የያዘ ልጅ ብዙ ይተኩሳል፤ ብዙ የተኮሰ ብዙ እንክብል ይገዛል። የኪስ ጉዳይ ያለው አየሩ ላይ ሳይሆን እንክብሉ ላይ መሆኑን የአክስቴ ልጅ ወዲያው ተረዳች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አረጋውያን ስታነሣና ስታስተኛ ያደረች ሴት 50 ዶላር ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማስላት ወረቀት አያስፈልጋትም።

አየር መሙያው አነስተኛ የእንጨት ጎጆ ነው። በውስጡ ሽበት የወረሳቸው አንድ አሜሪካዊ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ሲሊንደራቸውን በተራ ያቀርባሉ፤ ሽማግሌው ሳይሞሉ በፊት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንገቱ ላይ የተቀረጸውን ያነባሉ። ሁለት ሰዓት ያህል አጠገባቸው ቆሜ ስመለከት አንድም ሲሊንደር ሳያነቡ አልሞሉም። የሚያነቡት ቀን ነው። በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት እንዲህ ያሉ ሲሊንደሮች በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ተፈትነው ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ይቀረጽባቸዋል። የካርቦን ክሩ ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢፈተንም ባይፈተንም 15 ዓመት ሲሞላው አገልግሎቱ ያበቃል። ቀኑ ያለፈበት አይሞላም። ክሩ የተቧጨረ ወይም የተቆረጠም አይሞላም። አንድ ጎረምሳ ሊከራከር ቢሞክር ሽማግሌው ሲሊንደሩን በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጡትና የሚቀጥለውን ጠሩ።

ሌላም ነገር አስተማሩን። አየር በፍጥነት ሲሞላ ይግላል፤ ሲበርድ ደግሞ ግፊቱ ይወርዳልና ሞላ ያሉት ጎድሎ ይገኛል። ስለዚህ በዝግታ ነው የሚሞሉት። ከሁሉ ይበልጥ ያስጠነቀቁት ግን ዘይትን ነው። በመሙያው አፍ ላይ ዘይት ወይም ቅባት ያለበት እጅ እንኳ እንዳይነካ ይላሉ። ምክንያቱም በዚያ ኃይል የታመቀ አየር ቅባት ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል። የድንች ጥብስ እየበላ የመጣን አንድ ልጅ እጁን ታጥቦ እንዲመለስ አድርገውታል። ልጁ አኩርፎ ሄደ፤ እኔ ግን ሽማግሌውን ወደድኳቸው።

የአክስቴ ልጅ ያንን የተዋሰ አሮጌ ሲሊንደር ከቦርሳ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀመጠችው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ገና እጃቸው ሳይነካው፣ «ቫልቩን የፈታው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። አያውቅም።

ጥያቄው የመጣበት ምክንያት አለው። ሲሊንደሩ ላይ ሁለት ቦታ የሚጠመዘዝ ጥርስ አለ። ቫልቩ በሲሊንደሩ አፍ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ከነቫልቩ ማርከሩ ላይ ይጠመዘዛል። ሁለቱም የሚፈቱት በአንድ አቅጣጫ ነው። ቫልቩ ከሲሊንደሩ ጋር ጠብቆ ካልታሰረ፣ ልጁ ሲሊንደሩን ከማርከሩ እፈታለሁ ብሎ ሲያዞር የሚፈታው ሌላው ይሆናል። ቫልቩ ማርከሩ ላይ ይቀርና ሲሊንደሩ ብቻውን እየላላ ይመጣል። የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ውስጡ ያለው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይወጣና ሲሊንደሩ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን በዚህ ሁኔታ ሁለት ሰዎች መሞታቸውን ገልጾ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከሁለቱ አንዱ ታዳጊ ልጅ ነበር። ሌላዋ ልጇ ሲጫወት ልትመለከት የመጣች እናት ነበረች።

ይህን ሽማግሌው ሲነግሩን የአክስቴ ልጅ ምንም አልተናገረችም። ዞር ብላ በመረቡ ጥግ በታጣፊ ወንበር የተቀመጡትን ሴቶች ተመለከተች።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ በፊት ጋዙ እያፏጨ እንዲወጣና እንዲያስጠነቅቅ የሚያደርግ ቀዳዳ ያላቸውን ቫልቮች ሠርተዋል። አሮጌዎቹ ግን በየጋራዡና በየምድር ቤቱ ተቀምጠው ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ ይተላለፋሉ። ለጥንቃቄ የሚመከረው ዘዴ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። ቫልቩ በባለሙያ ተጠብቆ ከታሰረ በኋላ፣ ከቫልቩ ጀምሮ እስከ ሲሊንደሩ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ወይም በጥፍር ቀለም ይሠመራል። ሲሊንደሩ ከማርከሩ ሲፈታ መስመሩ አብሮ ከዞረ ደህና ነው። መስመሩ ከተቆረጠ፣ የታችኛው ከላይኛው ካልገጠመ፣ ወዲያው ማቆምና ለባለሙያ መስጠት ነው። ከመፍታትም በፊት በማርከሩ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ሜዳው ውስጥ፣ ጭምብል ሳይወልቅ፣ ተኩሶ መጨረስ ያስፈልጋል። ጭምብሉ ሲሊንደሩ እስኪለይ ድረስ አይወልቅም።

ሽማግሌው አሮጌውን ሲሊንደር አገላብጠው ተመለከቱት። የመጨረሻው ፈተና የተቀረጸበት ዘመን እ.ኤ.አ. 2011 ነበር። ቫልቩ አንገት ላይ የመፍቻ ጥርስ የበላው ፍቅፋቂ ይታያል፤ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ በመፍቻ ታግሎበታል ማለት ነው። እርሳቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደማይሞሉ፣ ቢሞሉም ይህንን እንደማይሞሉት ተናገሩ። ብዙዎቹ ሜዳዎችም ዛሬ የሚሞሉት አየር ብቻ ነው። ስለዚህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽነቱ ወረቀት ላይ ነው፤ ለመሙላት ሌላ ሱቅ ፍለጋ መንዳት ይመጣል፤ የቤንዚኑን ደግሞ የሚከፍለው ልጁ አይደለም። ሽማግሌው ሲሊንደሩን ለባለቤቱ ከመመለስ ይልቅ ከባለቤቱ ወላጅ ጋር መነጋገር ይሻላል አሉ፤ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጥና ቫልቩን የሚያወጣ ባለሙያ እዚያው እንዳለም ነገሩን። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ የጎረምሳውን እናት ደወለችላት። ሴትዮዋ ሳልቫዶራዊት ናት። ሁለቱም በተሰበረ እንግሊዝኛ ለሩብ ሰዓት ተነጋገሩ፤ በደንብ ተግባቡ።

በበኩሌ ልጆች በጠመንጃ ቅርጽ ሲጫወቱ ማየት ደስ አላሰኘኝም። የመተኮስን ነገር ከጨዋታ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ለምናውቅ ሰዎች ሳቁ ከተኩሱ ጋር አይገጥምልንም። ነገር ግን ከጧት ጀምሮ ስመለከት፣ ስልካቸውን ጥለው በጭቃ የሚንከባለሉ፣ «ተመትቻለሁ» ብለው በራሳቸው አንደበት እየመሰከሩ የሚወጡ ልጆች አየሁ። ማንም ሳያያቸው ቀለሙን ጠርገው መቀጠል ይችሉ ነበር። እናትየውም ልጇን የምትፈቅድለት ለዚህ እንደሆነ ነግራኛለች።

እርሷን የሚያስፈራት ደኑ ሳይሆን መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ የፕላስቲክ እንክብል የሚተኩስ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ በመናፈሻ ሳለ በፖሊስ ጥይት ተገድሏል። ይህን የማያውቅ ጥቁር ልጅ ያላት እናት በዚያ አገር የለችም። ስለዚህ ማርከሩ ከሜዳው ውጪ ከቦርሳው አይወጣም፤ ቦርሳው በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ተቆልፎ ይሄዳል፤ ሲሊንደሩ ለብቻው ተነቅሎ ይቀመጣል። ቤት ሲደርስ ማርከሩ የሚያድረው በእናቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልጁ ይህን ሕግ ሲሰማ አልተከራከረም። አውቆታል።

እንግዲህ ለመግዛት ለሚያስቡ ዘመዶቻችን ያየሁትን ላካፍል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለልደት ብቻ የሚሄድ ልጅ ምንም መግዛት የለበትም፤ የኪራዩ ዕቃ በባለሙያ የተጠበቀ ነው፤ አየሩም በኪራዩ ውስጥ ነው። በየወሩ የሚሄድ ከሆነ አዲስ የአሉሚኒየም አየር ሲሊንደር ይበቃዋል። የካርቦን ክሩ ለውድድር የሚሠለጥኑ፣ በዙር መሐል ለመሙላት ጊዜ የማያገኙ ልጆች ዕቃ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲሊንደር ዋጋ ያለው አየር መሙያ በሌለበት ገጠር፣ በሞቃት ወራት፣ ለዚያ በተሠራ ማርከር ለሚጫወት ሰው ነው። ያገለገለ ሲሊንደር ግን፣ የየትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ቀኑን ያላነበቡለትን፣ ማን እንደፈታው የማይታወቀውን፣ በነፃ ቢሰጥም መቀበል አይገባም። ለእንግዳ ወደ አገር ቤት «ይዘህልኝ ሂድ» የሚባልም አይደለም፤ በአሜሪካ የአውሮፕላን ደንብ እንዲህ ያለ ሲሊንደር ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ቫልቩ ፈጽሞ ተነቅሎ ውስጡ ባዶ መሆኑ የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው።

ወደ ከሰዓት በኋላ ላይ አሉሚኒየሙ ተገዛ። ከልጁ የሣር ማጨጃ ገንዘብ ስድሳ ዶላር ያህል ተከፈለ፤ የቀረው ለእንክብል ተቀመጠ። ሽማግሌው አንገቱ ላይ ያለውን ቀን ለልጁ እንዲያነብ ሰጡትና የሚቀጥለው ፈተና መቼ እንደሚሆን ራሱ እንዲያሰላ አደረጉት። ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር ጠብቆ መታሰሩንም አሳዩት። የአክስቴ ልጅ በዚህ መሐል የእጅ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆይታ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ከሬጉሌተሩ እስከ ሲሊንደሩ ድረስ አንድ ቀጭን መስመር በጥንቃቄ አሠመረች። እስኪደርቅም እፍ አለችበት።

«ማሚ! ሮዝ ነው እኮ!» አለ ልጁ።

«ሌላ ቀለም አልያዝኩም፤» አለችው።